ቴርሞሜትሩን ማን ነካው?

የዓለም ሙቀት መጨመርን የሚጠራጠሩ ሰዎች ከሚያነሷቸው ክሶች ሁሉ ዕድሜ ያገኘው «ሳይንቲስቶቹ ቁጥሩን ነካክተውታል» የሚለው ነው። ክሱ በተነሳ ቁጥር የወዲያኛው ወገን ተሟጋቾች «ውሸት ነው» ብለው አፍ ለማስያዝ ይቸኩላሉ። በእኔ እምነት ትልቁ ስህተታቸው ይኸው ነው። ቁጥሩ ተነክቷል። ከ1850 ወዲህ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሰበሰበው የሙቀት መዝገብ ያልታረመበት ዘመን የለም ማለት ይቀላል። ለምን ታረመ? ወደየትስ ታረመ? ይህን ለማስረዳት ደግሞ አንድ ባልዲና አንድ ቴርሞሜትር ይበቃል።

ከባሕሩ እንጀምር፤ ከምድር ገጽ 70 በመቶ ያህሉ ውኃ ስለሆነ ሚዛኑን የሚደፋው እሱ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት መርከበኞች የባሕሩን ሙቀት የሚለኩት በአብዛኛው ባልዲ በገመድ አውርደው፣ ውኃ ቀድተው፣ መርከቡ ላይ ካወጡት በኋላ ቴርሞሜትር በመንከር ነበር። ብዙ ጊዜ ባልዲው የሸራ ነው። እርጥብ ሸራ ነፋስ ሲያገኘው ይተናል፤ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። እንስራ ውኃ የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ ጥበብ ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ እስኪነበብ ድረስ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የባልዲው ውኃ ከባሕሩ ይልቅ በዲግሪ ክፍልፋይ ቀዝቅዞ ይገኛል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሌሊት መብራት አብርቶ ባልዲ መጎተት ለጠላት ሰርጓጅ መርከብ ራስን ማሳየት ሆነ። በተለይ በአሜሪካ መርከቦች ላይ ልኬቱ ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ወደ ውስጥ ከሚሳበው ውኃ ይወሰድ ጀመር። ይህ ውኃ ደግሞ በሞተር ክፍሉ ግለት ትንሽ ሞቆ ነው የሚነበበው። ጥሬውን መዝገብ ያየ ሰው ባሕሩ በጦርነቱ ዓመታት በድንገት ሞቆ በ1945 በድንገት የቀዘቀዘ ይመስለዋል። የሆነው ግን ባልዲ የሚጠቀሙት የብሪታንያ መርከቦች ከጦርነቱ በኋላ ወደ መዝገቡ መመለሳቸው ነው። ይህ የ1945 ስብራት በግልጽ ተለይቶ የታወቀው በ2008 ነው፤ 60 ዓመት ሙሉ መዝገቡ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

እርማቱ እንግዲህ የጥንቱን የባልዲ ንባብ ከፍ ያደርጋል። ያለፈው ከፍ ሲል ደግሞ በትናንትና በዛሬ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። የየብሱም የባሕሩም እርማት ተደምሮ ሲታይ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተመዘገበውን የሙቀት ጭማሪ በጥቂቱ ይቀንሰዋል። ማጭበርበር ከሆነ፣ ሰዎቹ ያጭበረበሩት በገዛ ራሳቸው ላይ ነው።

ነገሩን የሚያውቅ ተጠራጣሪ እዚህ ላይ «የአሜሪካን የየብስ መዝገብ ውሰድ፤ እዚያ እርማቱ ሙቀቱን ያሳድጋል» ይላል። ትክክል ነው፤ ያሳድጋል። የአሜሪካን የሙቀት መዝገብ ለብዙ አሥርት ዓመታት የያዙት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኛ ታዛቢዎች ናቸው። መሣሪያቸው የዕለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር ነው። ጠቋሚው እስከ ከፍተኛው ሙቀት ሄዶ እዚያው ይቀራል፤ ታዛቢው በቀን አንዴ አንብቦ ሲመልሰው የዚያችን ሰዓት ሙቀት ይዞ እንደገና ይጀምራል።

ንባቡ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው እንበል። ሰኞ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ደርሶ 11 ሰዓት ሲሆን ገና 34 ነው። ታዛቢው 35 ብሎ ይጽፋል፣ ጠቋሚውን ይመልሳል፤ ጠቋሚው 34 ላይ ይቆማል። ማክሰኞ ቀዝቃዛ አየር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ከ26 ባያልፍ እንኳ፣ 11 ሰዓት ላይ መሣሪያው የማክሰኞ ከፍተኛ ሙቀት ብሎ የሚያሳየው 34 ነው። የሰኞ ግለት ሁለቴ ተቆጠረ። ንባቡ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከሆነ ነገሩ ይገለበጥና ቀዝቃዛው ንጋት ሁለቴ ይቆጠራል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ታዛቢዎቹ ቀስ በቀስ ከአመሻሽ ወደ ጠዋት ንባብ ዞሩ። ምክንያቱም ዝናብ ነበር፤ በዝናብ መለኪያው ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ በቀኑ ሙቀት ሳይተን እንዲለካ ተፈለገ። በዚህ የተነሳ አገሩ ሳይቀዘቅዝ መዝገቡ ቀዘቀዘ። ይህን እያወቁ ሳያርሙ መተው ነበር የሚያሳፍረው።

እርማቱ ልክ ስለመሆኑ ማስያዣው ምንድን ነው? አሜሪካ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ከከተማና ከአስፋልት ርቀው የተተከሉ ከ100 በላይ ጣቢያዎች አሏት። እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ቴርሞሜትር አለው፤ አንዱ ቢዋሽ ሁለቱ ያጋልጡታል። የእነዚህ ንባብ ያን ዓይነት እርማት አያስፈልገውም። ከታረመው ከአሮጌው መዝገብ ጎን ሲቀመጥ ሁለቱ ተያይዘው ይወጣሉ፣ ተያይዘው ይወርዳሉ።

«ቴርሞሜትሩ ይቅር፣ ሳተላይት አይዋሽም» የሚለው ክርክር በ1990ዎቹ ከፍተኛ ጉልበት ነበረው። በሃንትስቪል የሚገኘው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጆን ክሪስቲና ሮይ ስፔንሰር፣ ኦክስጅን ከሚለቀው ማይክሮዌቭ የአየሩን ሙቀት እያሰሉ፣ ይህ ነው የሚባል የሙቀት መጨመር አላየንም ይሉ ነበር። በ1998 ፍራንክ ዌንዝና ማቲያስ ሻቤል ሳተላይቶቹ በሳሳው አየር እየተጎተቱ ከፍታቸው እንደሚቀንስ፣ ይህም ሐሰተኛ ቅዝቃዜ እንደሚያስገባ አሳዩ። በ2005 ደግሞ ካርል ሚርስና ዌንዝ የባሰ ነገር አገኙ። ሳተላይቱ አንድ ቦታ ላይ የሚያልፍበት ሰዓት ከዓመት ዓመት ይንሸራተታል፤ ለዚያ የተደረገው እርማት የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ተገልብጦ ነበር። ክሪስቲና ስፔንሰር ስህተቱን አምነው አረሙ። ሁለቱም እስከ ዛሬ በተጠራጣሪነታቸው ይታወቃሉ፤ የራሳቸው መዝገብ ግን በየአሥር ዓመቱ 0.15 ዲግሪ ገደማ ጭማሪ ያሳያል።

ለተጠራጣሪነት ክብር የሰጠው ሰው ግን የበርክሌዩ የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ሙለር ይመስለኛል። «መዝገቡን አላምንም» ብሎ አልተቀመጠም፤ በ2010 ቡድን አቋቁሞ ከ39,000 ገደማ ጣቢያዎች የተሰበሰበውን መረጃ ከባዶ እንደገና አሰላው። ከገንዘብ ረዳቶቹ አንዱ በነዳጅ ንግድ የሚታወቀው ባለሀብት የቻርልስ ኮክ ፋውንዴሽን ስለነበር ለአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ያደላል ብሎ የሚያማው አልነበረም። በ2011 ውጤቱ ሲወጣ ከቀደሙት መዝገቦች ጋር ገጠመ፤ ሕንፃና አስፋልት የሚያመጣው የከተማ ሙቀትም ሥዕሉን አልለወጠውም። በቀጣዩ ዓመት ሙለር መንስኤው ከሞላ ጎደል የሰው ልጅ ነው ብሎ በይፋ ጻፈ። የጣቢያዎችን አቀማመጥ በመተቸት ስሙን ያተረፈው አንቶኒ ዋትስ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን እቀበላለሁ ብሎ ነበር፤ በወጣ ጊዜ ግን አልተቀበለውም።

ፀሐይን ተጠያቂ የሚያደርጉት ደግሞ አንድ ነገር አያስረዱም። ሙቀቱን የጨመረችው ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ላይኛው አየርም አብሮ ይሞቅ ነበር፤ ስትራቶስፌር የሚባለው ይህ ላይኛው አየር ግን ቀዝቅዟል።

በእኛ ሀገር ጥርጣሬው ሌላ መልክ አለው። «ድርቅ ድሮም ነበረ፤ ክፉ ቀን ሲመጣ የመኪና ጭስ ነበር ወይ?» ይባላል። ይህ በባለሙያ ሊናቅ የማይገባው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ዝናብ እንደ ሙቀት ቀጥ ብሎ አይሄድም። ደቡባችንን በሚጨምረው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ ካለፈው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሲቀንስ ታይቷል፤ አብዛኞቹ የኮምፒውተር ሞዴሎች የሚተነብዩት ግን እንደሚጨምር ነው። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ይህን እንቆቅልሽ ይሉታል። እውነተኛው ክርክር ያለው እዚህ ነው፤ የቦረና አርብቶ አደርም ሞዴሉ የት ላይ እንደሚስት ሊነገረው ይገባል።

ሙቀቱ ላይ ሲደረስ ግን እንቆቅልሽ የለም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። በ2023 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ዓለም በ1.2 ዲግሪ ቀዝቀዝ ብላ ቢሆን ኖሮ ዝናቡና ትነቱ አንድ ላይ ሲመዘኑ ድርቅ እስከ መባል ባልደረሱ ነበር። ዝናቡ ካነሰም በኋላ፣ የቀረችውን እርጥበት ከአፈሩና ከግጦሹ መጦ የወሰደው ሙቀቱ ነው።