ማስተካከያ፦ ሳንድማንና ሜሪዌዘር አንድ አልነበሩም

“እንግሊዞች ህንድን ሲገዙ በባሉቺስታን (በዛሬዋ ፓኪስታን ምዕራብ) ድንበር ከመጀመሪያው አንድ ፖሊሲ ነበራቸው” የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ሲዘዋወር ነበር። ልክ አይደለም። በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሲንድ ግዛት ኮሚሽነር (አስተዳዳሪ) የነበረው ሜሪዌዘር የድንበሩን ጎሳዎች በካላት ካን (በአገሬው ገዥ) በኩል እንያዛቸው ሲል፣ በፑንጃብ ክፍለ ሀገር ስር የዴራ ጋዚ ካን አውራጃን የሚያስተዳድረው ሮበርት ሳንድማን ግን ካኑን አልፎ ከጎሳ አለቆቹ ጋር በቀጥታ ይነጋገር፣ ለሰዎቻቸውም ደሞዝ እየከፈለ መንገድ ያስጠብቃቸው ነበር። የአንድ መንግሥት ሹሞች ሆነው ዓይንና ናጫ! በ1871 ሚታንኮት በተባለ ከተማ ላይ ስለዚሁ ስብሰባ ተደረገ፤ ጠቡ ግን አልበረደም። በመጨረሻ የሳንድማን መንገድ አሸነፈ፣ በ1877ም በባሉቺስታን የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ሆኖ ተሾመ።

የህንድ እንደራሴ የነበረው ከርዘን በ1901 የሰሜን ምዕራብ ድንበር ክፍለ ሀገርን “ከፑንጃብ ጋር ተስማምቶ” መሠረተ የተባለውም ስህተት ነው። የፑንጃቡ ገዥ ማክዎርዝ ያንግ ሳልማከር ግዛቴ ተቆረሰብኝ ብሎ ክፉኛ ተቀይሞ ነበር።