ወደ አሰላ በሚኒባስ መውጣትም መብረር ነው

በቅርቡ እዚህ አዳማ ባዳመጥኩት የሬዲዮ የጤና ፕሮግራም ላይ አንድ አድማጭ ደውሎ፣ ሬቲናው (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን) ተላቅቆ በቀዶ ሕክምና ዓይኑ ውስጥ ጋዝ የተሞላለት ሰው መቼ መጓዝ እንደሚችል ጠየቀ። እንግዳው ባለሙያ አውሮፕላን ብቻ እንዳይሳፈር፣ በመኪና ግን የትም ቢሄድ ችግር እንደሌለው ተናገሩ፤ እኛ ከፍታ የለመድን ሕዝብ መሆናችንንም ጨመሩበት። አድማጩ አመስግኖ ስልኩን ዘጋ።

ከፍታ የለመድን ነን ከሚለው ልጀምር። ከፍታን የሚለምደው ሳንባና ደም ነው፤ የአርሲ ሯጮችም ለዚህ በቂ ምስክር ናቸው። ዓይን ውስጥ በመርፌ የገባው ጋዝ ግን አርሲ አልተወለደም። ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 እንዳስረዳው፣ በዙሪያው ያለው ግፊት በቀነሰ ቁጥር ጋዝ ይሰፋል፤ የተሸካሚውን የትውልድ ቀበሌ አይጠይቅም። ይህን ሐኪም ቀርቶ የሰባተኛ ክፍል ተማሪም ሊስተው አይገባም ነበር።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። የመንገደኞች አውሮፕላን ከ10,000 ሜትር በላይ ሲበር እንኳ፣ ሰው የተቀመጠበት ክፍል አየር 2,440 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው አየር እንዳይሳሳ ተደርጎ ነው የሚጠበቀው። አሰላ የምትገኘው ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። አዳማ ደግሞ ከ1,600 ሜትር ጥቂት ብቻ አለፍ ትላለች። እንግዲህ በመልካሳና በዴራ አድርጎ ኢተያን አልፎ አሰላ የሚገባ ሰው፣ በ75 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ አውሮፕላን ላይ ሊያገኘው ይችል የነበረውን ያንኑ የሳሳ አየር ያገኛል። አውሮፕላኑን ከልክሎ ሚኒባሱን መፍቀድ በሩን ዘግቶ መስኮቱን መክፈት ነው። ክልከላው ባሕር ጠርዝ ለሚኖር፣ በሕይወቱ ከአውሮፕላን በቀር ከፍታ ለማያውቅ ሰው የተጻፈ ነው፤ እኛ ዘንድ እንዳለ ተገለበጠ፣ ተራራውን ግን ማንም አላሰበውም። አዳማ ላይ የአየሩ ግፊት ወደ 620 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ አሰላ ላይ ወደ 570 ነው። ጋዙ በዚህ ልዩነት ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ልስፋ ይላል። ዓይንን በሞላ 4 ሚሊ ሊትር ጋዝ ላይ ሲታሰብ ከ0.3 ሚሊ ሊትር በላይ ማለት ሲሆን፣ ሐኪሞች ዓይን ውስጥ መድኃኒት በመርፌ ሲሰጡ የሚጠቀሙት መጠን አብዛኛውን ጊዜ 0.05 ብቻ ነው። የሚሰፋበት ቦታ ስለሌለው የዓይኑን ግፊት ከፍ ያደርገዋል። ጤናማ የዓይን ግፊት በዚያው በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከ10 እስከ 21 ነው፤ ከዚያ ብዙ ሲያልፍ ሬቲናን የሚመግበው ደም መግቢያ ያጣል፣ ብርሃንም በሰዓታት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።

እንዲሁ ዓይኑ ውስጥ ጋዝ የተሞላለት አጎቴ በቀዶ ሕክምናው በአሥረኛው ቀን ለለቅሶ አሰላ እንሂድ ሲል ማንም አልከለከለውም፤ የተሰጠው ወረቀት የሚያወራው ስለ አውሮፕላን ብቻ ነበር። እንደታዘዘው ግንባሩን የፊተኛው ወንበር ላይ ደፍቶ ነበር የሚጓዘው። ዴራን ካለፍን በኋላ ዓይኑን በመዳፉ ይዞ ዝም አለ፤ ኢተያ ስንደርስ ወርዶ አስታወከው፣ በዚያ ዓይኑም የእጁን ጣቶች መለየት አቃተው። አንዱ ተሳፋሪ መኪና ነው ያዞረው ብሎ ሎሚ አቀበለው። ወደ አዳማ ስንመለስ፣ ቁልቁለቱን በወረድን መጠን ሕመሙ እየላላ ሄደ። መኪና ያዞረው ሰው እንዲህ ከፍታ እየመረጠ አይሻለውም።

ከአዲስ አበባ ታክሞ ወደ አዳማ መምጣት ቁልቁለት ስለሆነ አያሰጋም የሚሉም አሉ። ሲወርዱ ጋዙ ይጨመቃል፣ ዓይኑ ይላላል፣ ሰውነት ደግሞ ጉድለቱን በፈሳሽ ይሞላዋል። ከሳምንት በኋላ ታካሚው ለክትትል ተብሎ በፈጣን መንገዱ በአንድ ሰዓት 700 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ ያ የተሞላው ዓይን መተንፈሻ ጊዜ የለውም። እንግዲህ ለሕክምና ቀጠሮ የሚደረገው ጉዞ ራሱ አደጋ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሳያስቡ ቀጠሮ የሚጽፉ ሐኪሞች ካርታ አይተው አያውቁም ብል አልተሳሳትኩም።

የጋዙ አረፋ አንሶ ጥቂት ሲቀር አደጋው እንደሚቀንስ አልክድም። ነገር ግን ዓይን ውስጥ ከሚሞሉት ጋዞች ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ፐርፍሎሮፕሮፔን ደግሞ ሁለት ወር ያህል ዓይን ውስጥ ይቆያል፤ ስንት ጋዝ እንደቀረ የሚያውቀውም መርምሮ ያየ ሐኪም እንጂ ሬዲዮ ላይ የቀረበ እንግዳ አይደለም። ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ ቤቱ የት እንደሆነ፣ በየት በኩል እንደሚሄድ ሊጠየቅ፣ ወረቀቱም ላይ የከተሞች ስም ከነከፍታቸው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሊጻፍ ይገባል፤ ክትትሉም ከተቻለ እዚሁ አዳማ፣ ካልተቻለ ጋዙ እስኪያልቅ አዲስ አበባ ማደሪያ ተፈልጎለት ይሁን። እንግዳው ባለሙያም በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ሰዓት ተመልሰው ቃላቸውን ያርሙ፤ ያ አድማጭ ዘመዶቹ በቆጂ ይሁኑ አሰላ እስካሁን አልተጠየቀምና።