ይድረስ ለክቡር የእንግሊዝኛው «ዩዝድ ቱ» (used to)

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ማክሰኞ የሥራ ፈተና ነበረብኝና ለእርስዎ ክብር ስል በሌሊት ተነሳሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ በየኩርባው አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳመላልስ ወረድኩ፦ «አይ ዩዝድ ቱ ወርክ ኢን ኤ ስቶር።» ድሮ መጋዘን እሠራ ነበር ለማለት ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዱዓ የማደርግ መስሏቸው «አሚን» አሉልኝ።

ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። ዓረፍተ ነገሬን ለቀቅኳት። መሀል ያለው፣ ከረባት ያሰረ፣ ታናሽ ወንድሜ የሚሆን ልጅ ፈገግ አለ። «ዩስቱ ነው የሚባለው። ‹ዝ›ዋን ከየት አመጣሃት?» ሁለቱ ሳቁ።

ከየት አመጣኋት? ከደብተሬ ነዋ! ቢላዋ ተጠቀምኩ ስል «ዩዝድ» ነው፣ በ«ዝ»። ድሮን ላወራ ስል ያው ጽሑፍ «ስ» ይሆናል። መጨረሻ ላይ ያለችው «ዲ» ደግሞ «ቱ» ውስጥ ሰምጣ ትቀራለች።

እሺ፣ ካልተሰማች አትጻፍ ብዬ የጽሑፍ ፈተናው ላይ «ዲ»ዋን ጣልኳት። እዚያው ፊቴ በቀይ እስክሪብቶ ከበቡት። ትጻፋለች ለካ! ቀጣዩ ጥያቄ በ«ዲድ» ይጀምራል። ተምሬያለሁ ብዬ «ዲ»ዋን ጨመርኳት። አሁንም ቀይ። «ዲድ» ከገባ «ዲ»ዋ ትወጣለች፣ ተጣልተው ለቅሶ ቤት እንደተገናኙ ጎረቤታሞች። ብትወጣም ብትገባም ድምፁ ያው ነው!

እርግጥ እኛም «ገና» ብለን እንጽፋለን። በዓሉ ይሁን መዘግየቱ አንባቢው ይወቀው። ግን በ«ገና» የተነሳ ሥራ የተከለከለ ፈረንጅ አላየሁም።

ስማ አንተ! አንቱታው ይቅር። ሥራው ጆንያ መቁጠር ነው። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ስድስት ዓመት ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) እና ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ስቆርጥ አንዲት ጆንያ አላጎደልኩም። እሱን የጠየቀኝ የለም። ወዛደሩ «ዩስቱ» ብሎኝ አያውቅም። ሲሚንቶውም አላለኝም።

ለምዶኛል ለማለት የሚመጣው መንትያህም አለ፣ ግስ ሲከተለው «ኢንግ» ካላየበት የሚያኮርፈው። እሱን ሌላ ቀን።

ማታ እናቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ።

«ምን አሉህ?»

«እንደውልልሃለን አሉ።»

«አብሽር» አለችና አቦሉን ቀዳችልኝ። እሷ ቤት እንደውላለን ያለ ሰው ይደውላል።

አንተ ስላለፈው እንጂ ስለ አሁን መናገር አትችልም አሉ። እንግዲያው ፊርማዬ ላይ አትደርስም።

ሥራ ፈላጊው
(ነበር አላልኩም)
ደሴ