«ይገጥማል፣ አታስብ»

ሶስት ወር ሙሉ ችዬ ነበር። ዛሬ ግን ልናገር።

የአውቶማቲክ መኪናዬን ሞተር አስቀይሬ ነበር። ሞተሩ ላይ ቅሬታ የለኝም። ድምፁ ንጹህ ነው፣ አያጨስም፣ ዘይት አይበላም። እኔን ያቃጠለኝ ሞተሩን ከመኪናዋ ጋር የሚያያይዙት ነገሮች ናቸው። ጥቂት ኬብሎች፣ አንድ የአየር ቱቦ፣ አንድ የማሳ ገመድ (የኤሌክትሪክ መመለሻ ገመድ)። ስራውን የያዙት ሰዎች «ጥቃቅን ነገር» ነው የሚሏቸው። ስለ እያንዳንዳቸው በጠየቅኩ ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፦ «ይገጥማል፣ አታስብ።»

የገባው ሞተር ከወጣው ጋር አንድ ዓይነት ነው። የተሰራበት ዓመት ግን ይለያል። ብሎኩ አንድ ስለሆነ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ያለ ችግር ተጋጠመ። የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድና ትሮትል ቦዲው ግን ሌላ ናቸው። ትሮትል ቦዲ ማለት ነዳጅ ስንረግጥ የሚከፈተው የአየር በር ነው። የአሁኑ ትንሽ ወደ ጎን ዞሯል፣ አፉም ይጠባል። ኮፈኑን ከፍቶ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ኢምንት ነው። ቁልፍ ሲዞር ወዲያው ተነሳ፣ ሁሉም ደስ አለው፣ እኔም ተረክቤ ወጣሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ማርሽ ቶሎ ቶሎ ትቀይር ነበር። ለስለስ ብላ፣ ሳታስታውቅ። ጥሩ ምልክት መስሎኝ ነበር። ዳገት ላይ ግን ከ2 ወደ 3 ልትቀይር ስትል ሞተሩ ለብቻው ይጮሃል፣ መኪናዋ ወደኋላ ትቀራለች፣ ከዚያ በኋላ ነው የምትይዘው። ሳልረግጥ ቆሜ ደግሞ ዙሯ ከፍ ዝቅ ይላል። ወደ ሪቨርስ ሳስገባ አንዳንዴ ጭራሽ ትጠፋለች። ብዙም ሳይቆይ የሞተር መብራቱ በራ። ኮዱ ፒ0171 ነው። አየር በዝቶ ነዳጅ አንሷል ማለት ነው።

መልሼ ወሰድኳት። የተሰጠኝን መልስ ስሙ። ለማርሹ፦ «ካምቢዮው አርጅቷል።» ለመብራቱ፦ «የአየር መለኪያው ሰንሰር ነው፣ ቀይረው።» ለመጥፋቷ፦ «አዲስ ሞተር ነው፣ ትለምዳለች።»

ካምቢዮው ሞተሩ ከመውጣቱ በፊት ምንም አልነበረበትም። ሞተር ሲወጣ የተነካ ነገር አለ፤ ከዚያ በኋላ ችግር ከመጣ መጀመሪያ የሚታየው የተነካው ነገር ነው። ይህ እንዴት ይጠፋል? ሰንሰሩን ቀየርኩ፣ መብራቱ ተመልሶ በራ። «ትለምዳለች» የሚለውን ደግሞ እስከ ዛሬ ልረሳው አልቻልኩም። ያልገጠመ ነገር በመነዳት ብዛት አይገጥምም። በየቀኑ እየባሰ ነው የሚሄደው።

እሺ፣ አሁን ስለ ካምቢዮ ኬብሉ ላውራ። ብዙ ሰው የማያውቀው እሱን ነውና።

የቆዩ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ላይ ከትሮትል ቦዲው ተነስቶ ወደ ካምቢዮው ሆድ የሚገባ ቀጭን ኬብል አለ። ብዙዎች «ለመቅደም ስትረግጥ ማርሽ የሚያወርድ ነው» ይሉታል። አንዳንድ ካምቢዮ ላይ ስራው በእርግጥ ያ ብቻ ነው። የእኔ ዓይነቱ ላይ ግን ይህ ኬብል የዘይት ግፊቱን ነው የሚያዘው። በረገጥን ቁጥር ኬብሉ ይሳባል፣ ውስጥ ያለውን ቫልቭ ይገፋል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ የካምቢዮው ፍሪሲዮኖች (ጉልበት የሚያስተላልፉት የግጭት ዲስኮች) ጠብቀው ይይዛሉ። ኬብሉ ከላላ ካምቢዮው በቀስታ እየተነዳ ይመስለዋል። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወርድበት ፍሪሲዮኖቹን በትንሽ ግፊት ብቻ ይዟቸዋል። ይንሸራተታሉ፣ ይሞቃሉ፣ ይቃጠላሉ። ከመጠን በላይ ከተወጠረ ደግሞ ማርሹ ዘግይቶ፣ እየደበደበ ይገባል። የጀነራል ሞተርስ 700አር4 ካምቢዮ በዚህ የታወቀ ነው። ኬብሉ ሳይስተካከል የተነዳ 700አር4 ብዙ ሳይሄድ ይቃጠላል፤ እሱን የሚያውቅ መካኒክ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስጠነቅቀው ይህንን ነው።

ስለዚህ ያ «ለስላሳ» የመሰለኝ አቀያየር ካምቢዮዬ ሲቃጠል የሚያሳየው ምልክት ነበር።

በመጨረሻ ራሴ ኮፈኑን ከፈትኩ። አንድ ዘመዴ ውስጥ ገብቶ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ እንዲረግጥ አደረግኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ማለት ነው። ይህን ውስጥ ካለው መርገጫ ላይ ነው ማድረግ ያለባችሁ። ትሮትሉን በእጅ ከፍታችሁ ከለካችሁ ራሳችሁን ታታልላላችሁ፤ መርገጫው እስከ መጨረሻው ላይከፍተው ይችላል። መጀመሪያ የነዳጅ መስጫው ኬብል ትሮትሉን ሙሉ መክፈቱ ይረጋገጣል። የካምቢዮው ኬብል ከዚያ በኋላ ነው የሚለካው። ይህ ኬብል ባላቸው ብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች ላይ፣ ትሮትሉ ሙሉ ተከፍቶ፣ ከኬብሉ ሽፋን ጫፍ እስከ ውስጠኛው ሽቦ ማቆሚያ ድረስ ያለው ርቀት ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ነው። የእኔ ስንት ሆኖ ተገኘ? 9 ሚሊ ሜትር። ውስጥ ያለው ሰው እስከ መጨረሻው ረግጧል፣ ካምቢዮው ግን ሙሉ መረገጡን አያውቅም።

አንዱ ምክንያት ስታፋው ነው። ኬብሉን የሚይዘውን የአሮጌውን ሞተር ስታፋ አምጥተው፣ ሁለት ሮንዴላ ከስር ደርበው፣ አዲሱ ትሮትል ቦዲ ላይ አሰሩት። ቀዳዳው ገጠመ። ኬብሉ ግን ቀጥ ብሎ መሳብ ሲገባው ዘመም ብሎ ነው የሚሳበው። ሌላም አለ። ኬብሉ የሚጠመጠምበት ክቡ የትሮትል ጎማ መጠኑ ይለያል። መጠኑ ከተለየ መጨረሻ ላይ ብታስተካክሉት እንኳ መሃል ላይ ልክ አይሆንም፣ ምክንያቱም በግማሽ ርግጫ ላይ የሚሳበው ርዝመት ይለያል። እኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምንነዳው በግማሽ ርግጫ ነው። መፍትሄው የካምቢዮው ኬብል የሚያውቀውን የአሮጌውን ጎማና ስታፋ አብሮ ማዛወር፣ ወይም ለዚያ ሞተርና ካምቢዮ የተሰራውን ማግኘት ነው። ሮንዴላ መደረብ መፍትሄ አይደለም።

ስታፋው ብቻ አይደለም፣ ኬብሉን ሆን ብለውም አላልተውት ነበር። ለምን? ይህንን ሳውቅ ነው ንዴቴ የገነፈለው።

ከመረከቤ በፊት ትሮትሉ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም ነበር አሉ። እነሱ የካምቢዮው ኬብል ይዞት ነው ብለው ኬብሉ እንዲላላ አደረጉት። በቃ። ለምን እንደሚይዝ የጠየቀ የለም። ጥፋተኛው ግን የነዳጅ መስጫው ኬብል ነበር። ፈትቼ ሳወጣው የውስጡ ፕላስቲክ ቀልጦ ሽቦው ላይ ተጣብቋል። ለምን ቀለጠ? ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደው የማሳ ገመድ አልታሰረማ! ሞተሩ ሲወጣ ፈቱት፣ ሲገባ ረሱት። ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻው) ሲዞር ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ መመለሻ መንገድ ይፈልጋል። ወፍራሙን ገመድ ካጣ ቦዲውንና ሞተሩን የሚያገናኝ ሌላ ብረት ይፈልጋል፤ የነዳጅ መስጫው ኬብል፣ የማርሽ ዘንጉ ኬብል። ቀጭን ሽቦ ነው፣ ይግላል፣ ሽፋኑን ያቀልጣል። የማርሽ ዘንጉም ለምን እንደከበደኝ ያን ቀን ገባኝ።

ይህ ቀልድ አይደለም። አንድ ማታ እግሬን ከነዳጅ ላይ አንስቼ መኪናዋ መሮጧን አላቆመችም። ወደ ኒውትራል አወጣሁ፣ ፍሬን ይዤ ዳር አስያዝኳት። ሞተሩ እየጮኸ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ። ከፊቴ ሰው ቢኖርስ? አንድ ገመድ በመርሳት!

የማሳ ገመዱ መኖሩን ለማወቅ መልቲሜትር ይበቃል። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብሎክ ላይ አድርጋችሁ ሰው ሞተሪኖውን ያዙርላችሁ። በጤነኛ መኪና ላይ የሚታየው የቮልት ጥቂት አስረኛ ነው። የእኔ ከ1 ቮልት በላይ ነበር። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ስራ ነው፣ እና ማንም አላደረገውም።

አሁን ወደ አየር ቱቦው ልምጣ። የአሮጌው ቱቦ አፍ ለአዲሱ ትሮትል ቦዲ ሰፊ ነው። ምን አደረጉ? ከጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ጠመጠሙበት፣ ከላይ ፋሼታ አጠበቁበት። ትሮትል ቦዲው ስለዞረ ደግሞ ቱቦው ተጠምዝዞ ነው የገባው። ቆሞ ሲታይ የተዘጋ ይመስላል። ችግሩ ሞተር ሲሰራ ይንቀሳቀሳል። ማርሽ ስታስገቡ ሞተሩ በሱፖርቶዎቹ (በመያዣዎቹ) ላይ ዘመም ይላል፣ ወደ ሪቨርስ ሲሆን ደግሞ በተቃራኒው ይዘማል። ቱቦው መተጣጠፍ የሚችል ሆኖ የተሰራው ለዚህ ነው። የተጠመዘዘና የተወጠረ ቱቦ ግን አብሮ መሄድ አይችልም፣ አፉን ይከፍታል። በዚያ ክፍተት የሚገባው አየር በአየር መለኪያው ሰንሰር አላለፈም። ኮምፒውተሩ አያውቀውም። ነዳጅ የሚሰጠው ለሚያውቀው አየር ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሪቨርስ ሳስገባ የምትጠፋው፣ ለዚህ ነው ፒ0171 የሚመጣው። አዲስ ሰንሰር ምን ያደርጋል? ባጠገቡ ያላለፈ አየር እንዴት ይለካል?

ፍንጩ ቁጥሮቹ ላይም ነበር። በመመርመሪያው ሲታይ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ቆማ በ18 በመቶ፣ በ2500 ዙር ደግሞ በ20 በመቶ እየጨመረ ነበር። ከትሮትሉ በታች፣ ማኒፎልዱ ላይ አየር የሚሰርቅ ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ ዙር ሲጨምር ቁጥሩ ይወርድ ነበር። አልወረደም። ይህ ከትሮትሉ በፊት ያለውን ቱቦ እዩ የሚል ምልክት ነው። በመጨረሻ ሌላ ባለሙያ ጭስ ነፋበት። ጭሱ የትም አልወጣም። ተስፋ ልቆርጥ ስል ሰውዬው ሞተሩን በብረት ትንሽ ቀና አደረገው። ወዲያው ከላስቲኩ ስር ጭሱ ቦለል ብሎ ወጣ። ያንን ባለሙያ አከበርኩት። ሞተር እንደሚንቀሳቀስ ያስታወሰ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እግረ መንገዴን፦ ቀዳዳ ለመፈለግ የጋለ ሞተር ላይ ተቀጣጣይ ነገር የምትረጩ ሰዎች እባካችሁ ተዉ። በጭስ ይገኛል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የአየሩና የኬብሉ ችግር እርስ በርስ መሸፋፈናቸው ነው። ዙሩ ከፍ ዝቅ ሲል አንዱ መጥቶ የትሮትሉን ማቆሚያ ብሎን አዞረው፣ «ሚኒሞውን አስተካከልኩት» ብሎ። ሚኒሞ ሳይረገጥ የሚኖረው ዙር ነው። የትሮትሉ መነሻ ቦታ ሲቀየር የካምቢዮው ኬብል መነሻም አብሮ ይቀየራል። የትሮትሉ ሰንሰርም ዜሮውን ይስታል። የአየር ችግርን ለመሸፈን ኬብሉን አበላሹት፣ የኬብሉን ችግር ደግሞ ካምቢዮው አርጅቷል ብለው ሸፈኑት። ሁሉም የታሰሩት አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ትሮትል ቦዲው ላይ። አንድም ሰው ቆሞ አብሮ አላያቸውም።

አሁን ትክክለኛው ስታፋና ጎማ ገብቷል። የነዳጅ መስጫውና የማርሽ ዘንጉ ኬብሎች አዲስ ናቸው። የማሳ ገመዱ ታስሯል፣ የታሰረበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረት ከብረት ጋር ነው የተገናኘው። ቱቦው ለዚያ ትሮትል ቦዲ የተሰራው ነው፣ ሳይጠመዘዝ ነው የገባው። ማቆሚያ ብሎኑ ወደ ቦታው ተመልሷል። የነዳጅ ጭማሪው ወደ 3 በመቶ ወርዷል፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ ሪቨርስ ላይ አትጠፋም። ኬብሉ ሙሉ ርግጫ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው።

የካምቢዮው ዘይት ግን ጠቁሮ ነበር፣ የተቃጠለ ሽታ ነበረው። ካርተሩ (የዘይት ማጠራቀሚያው) ሲወርድ ከስሩ ጥቁር ደቃቅ ተኝቷል። የፍሪሲዮኖቹ ብናኝ ነው። ዘይቱና ፊልትሮው ተቀየረ። ከ2 ወደ 3 ሲቀየር አሁንም፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ አንዳንዴ ትንሽ ይዘገያል። ያ የተበላው ክፍል አይመለስም። በየሳምንቱ ማለዳ ዲፕስቲኩን አውጥቼ በነጭ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ ቀለሙን አያለሁ፣ አሸተዋለሁ። እስካሁን ቀይ ነው።