ጥያቄ ያለቀበት ግቢ

ባለፈው ሳምንት መታወቂያ ኮፒ ላስደርግ አንድ ግቢ በር ላይ ያለች ኮፒ ቤት ገባሁ። ከፊቴ አንድ ተመራቂ ቆሟል፣ ሪሰርች ሊያስጠርዝ መስሎኝ፣ ልጅቷ ቀና ሳትል «ከነዳታው ነው ያለ ዳታው?» አለችው። «ከነዳታው»። በቃ፣ ያለቀለትን ሪሰርች በፍላሽ ገዝቶ ወጣ። እኔ ለአንዲት መታወቂያ ከሱ በላይ ቆየሁ።

እና ማን ነው አሁን ሳይንስ የለንም የሚለው? ፈረንጆቹ እኮ ከ2 በላይ ያለ ተጋማሽ ቁጥር ሁሉ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ድምር ነው ወይ ብለው ጎልድባህና ኦይለር በ1742 ከተጻጻፉ ጀምሮ ይኸው እስከዛሬ ማረጋገጥ አቅቷቸዋል። የኛ ልጅ በሁለት ሳምንት ከፕሮፖዛል እስከ ኮንክሉዥን ጨርሶ የጋውን ፎቶ ይነሳል። ሃይፖተሲስ (መነሻ ግምቱ) ወድቆበት አያውቅም፣ አንድም ቀን! ተፈጥሮ ራሷ አድቫይዘሩን ትፈራለች መሰለኝ።

የዳታ አሰባሰቡማ ጥበብ ነው። እንበል ርዕሱ ስምጥ ሸለቆ ያለ የአንድ ቀበሌ የጉድጓድ ውሃ ነው። 1200 አባወራ ያማኔ ፎርሙላ (ስንት ሰው ይጠየቅ የሚለውን የሚያሰላው) ውስጥ ሲገባ በ5 ፐርሰንት ስህተት እቅጩን 300 ይወጣል፣ 300 መጠይቅ ታትሞ ቀጥታ ዶርም። ሰማያዊ ቢክ፣ ጥቁር ቢክ፣ አንድ ደግሞ ቀለሙ የሚቆራረጥ (እሱ ለሽማግሌዎቹ ነው)። ላይኛው አልጋ ላይ የተጋደመው ቀበሌውን ወክሎ ይመልሳል። «ዕድሜ?» «47 በላት»። «ልጆች?» «ዘጠኝ»። «ትዳር?» «ያላገባች»። «ኧረ ዘጠኝ ልጅ እኮ ነው ያልከው!» «እሺ ባሏ ሞቷል በል»። ሟቹ መጠይቅ ቁጥር 112 ላይ ተነስቶ ስለ ውሃው ጣዕም «በጣም እስማማለሁ» ይላል። ቀኝ እጅ ሲደክም ግራው ይገባል፣ ጽሑፉ እንዲለያይ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ቀበሌው በሙሉ ይርበዋል፣ ከካፌ የተደበቀች ዳቦ ትወጣለች፣ ዳቦዋ እስክታልቅ 40 አባወራ «ገለልተኛ» ይሆናል። ከ260 በኋላ ሁሉም እንቅልፍ ስለያዛቸው የቀሩት ሰዎች አንድ ዓይነት ሃሳብ አላቸው፣ ይሄ ዲስከሽኑ ላይ «የማህበረሰቡ ጠንካራ መግባባት» ተብሎ ይተነተናል። ዳታውን የሚያሰላው ሶፍትዌር ኤስፒኤስኤስም አያሳፍርም፣ ፒ ቫልዩ 0.03፣ ከተለመደው 0.05 በታች ስለሆነ «የአጋጣሚ አይደለም» ተብሎ ያልፋል።

ውሃው ውስጥ ያለው የፍሎራይድ (ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳው ማዕድን) ሰንጠረዥ ደግሞ 1.1፣ 1.2፣ 1.3 እያለ ይሰለፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ 1.5 ሚሊግራም በሊትር ስለሆነ ማንም አያልፍም፣ ጨዋ ውሃ ነው።

እዚህ ጋ ግን ሳቄ ጠፋ። እዛ አካባቢ እኮ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ አለ፣ ነገሩ አጥንት ድረስ የሚገባ ነው። ፍሎራይዱን የሚያስቀር የአጥንት ከሰል (ከተቃጠለ የእንስሳት አጥንት የሚሰራ) ማጣሪያም ተሞክሯል፣ ግን ማጣሪያው ሲጠግብ ማን ይቀይረው፣ በማን ብር፣ ገጠር ላይ እንዴት ይዝለቅ የሚለው ገና አላለቀም። ያልተፈታ ጥያቄ ከፈለግክ ይኸውልህ፣ ለመመረቂያ አይደለም ለዕድሜ ልክም ይበቃል። አንተ አንድ ጀሪካን ሳትቀዳ «ንጹህ ነው» ብለህ ፈረምክበት! አድቫይዘርህም ሳያነብ ፈረመልህ! አታፍሩም?

እሺ፣ ተረጋጋሁ። ደግሞ ኮሚቴው አልጠየቀም እንዳትሉ። ዲፌንስ ላይ አንዱ መምህር መነጽራቸውን አውልቀው፣ ገጹን ወደ መብራቱ አቅርበው፣ ስለ 1.5 አጥብቀው ጠይቀዋል፤ በመስመሮቹ መሃል ያለው ስፔስ 1.5 ነው ወይስ 2?