ቪየና ሁለት ሚሊዮን ስትሞላ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም

ወንድሜ፣ «ቪየና በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ 2 ሚሊዮን ሕዝብ የሞላችው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው» ያልከው ብዙ ሰው የሚደጋግመው ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ቆጠራም ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበረች። ያኔ የሰፊው የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ግዛት መናገሻ ስለነበረች ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ አካል ከሆኑት ከቦሄሚያና ከሞራቪያ ሥራ ፈላጊው ይጎርፍባት ነበር። ቤት ከመጥበቡ የተነሳ ሌሊት ሲሠራ ያደረው ሰው፣ ባለአልጋው ጠዋት ሲወጣ፣ ገና ሙቀቱ ባልለቀቀው አልጋ ላይ በኪራይ ይተኛ ነበር። በ1918 ግዛቱ ሲፈርስ ብዙ ቼኮች ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከ1938 ጀምሮ ደግሞ ናዚዎች ከ160 ሺህ በላይ የነበሩትን የከተማዋን አይሁዶች አሳደዱ፣ ብዙዎቹንም ገደሉ። ይህ ሳይነሳ ስለ ቪየና ሕዝብ ቁጥር ሲወራ በጣም ያሳዝነኛል። በ1980ዎቹ ወደ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ወርዳ ነበር፤ ዕድገቱ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።