መሪ ለያዘ ሰው አትደውሉ

የአዳማ ሰዎች፣ ስለ ሾፌሮች ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ የምቆጣው የምንደውለውን ነው።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ካለን ስልኩን እረፍት አንሰጠውም። ቢሾፍቱን ሳያልፍ «የት ደረስክ?» እንላለን። ሞጆ ሲቃረብ እንደገና እንደውላለን። ካላነሳ ጨንቆን ደጋግመን እንደውላለን። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያ ሰው በፍጥነት መንገዱ ላይ 120 እየነዳ ሊሆን ይችላል። በዚህ ፍጥነት መኪና በአንድ ሰከንድ 33 ሜትር ይሄዳል። የደወለው ማን እንደሆነ ለማየት ለ3 ሰከንድ አቀርቅሮ ቀና ሲል 100 ሜትር መንገድ ሳያይ አልፏል። እዚያ መሃል ጎማ የፈነዳበት ተሳቢ ቆሞ ቢሆንስ?

«በኤርፎን እኮ ነው የማወራው» የምትሉ አላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እየነዳ ስልክ የሚያወራ ሰው ለአደጋ የመጋለጡ ዕድል ከማያወራው 4 እጥፍ ገደማ ነው። ኤርፎንም ያን ያህል አያድንም። እጅ ቢፈታም ሐሳብ ተይዟል። ጋቢና የተቀመጠ ሰው መንገዱን አብሮ ያያል፤ ከብት ድንገት ሲገባ ወሬውን ያቋርጣል። እኛ ቤት ቁጭ ብለን የደወልነው ግን ምንም አይታየንም። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዕቁብ እንጨቀጭቃለን፤ ቶሎ እንዲመልስልንም እንፈልጋለን።

እዚሁ ከተማችን ውስጥ ደግሞ የፖስታ ቤትን፣ የፍራንኮን ሰፈር አስቡት። ባጃጁ፣ ጋሪው፣ እግረኛው ሁሉ የሚሻማው በአንድ አስፋልት ነው። ባጃጅ ነጂው ስልኩን በጉንጩና በትከሻው መሃል ወትፎ ይነዳል። እኛ ከኋላ ተጠጋግተን ተቀምጠን ዝም! ለመልስ የምንከራከረውን ያህል እንኳን ለነፍሳችን አንናገርም። ሕጉ ይከለክላል፣ ግን ትራፊክ ፖሊስ በየባጃጁ ሊሳፈር አይችልም። ውስጥ ያለነው እኛ ነን። «ወንድሜ፣ ዳር ይዘህ ጨርስ፣ እንጠብቅሃለን» በሉት። ከተቆጣም ይቆጣ። አሻፈረኝ ካለ ክፈሉትና ውረዱ።

እናቶች፣ ልጃችሁ አንስቶ «እየነዳሁ ነው» ካላችሁ «ስትደርስ ደውል» ብላችሁ ወዲያው ዝጉት። «አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ» አትበሉ።

ከሁሉ የባሰው ግን የአለቃ ስልክ ነው። የጭነት መኪና ያላችሁ፣ ሾፌራችሁ በጅቡቲ መስመር ላይ ሳለ ደውላችሁ ካላነሳ ትሳደባላችሁ። እንጀራው በእጃችሁ ስለሆነ ፈርቶ ያነሳል። ይህ ግፍ ነው። ዛሬውኑ ቆሞ ምሳ ሲበላ ጠብቁና ደውሉለት። «ከእንግዲህ ስትነዳ ብደውል አታንሳ፣ አልቆጣህም» በሉት። ነገ ሳያነሳ ሲቀርም ቃላችሁን ጠብቁ።